ጋሽ ደምሴ ከቤድፎርድ እስከ ዴንተን

መክሊት የላከችልኝ መልእክት አጭር ነበር። «አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ተኝቶ እያለ ነው። ልቡ ነው አሉ ዶክተሮቹ። ሆዱ አይደለም፤ አንቺ ሆዱ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አመለጠኝ። አባቷ የሞተባት ልጅ «ሆዱ አይደለም» ብላ የምታጽናናው ሰው ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም።

ከጋሽ ደምሴ ጋር ያወራነው ሁሉ ስለ ሆድ ነበር። ስለ አንጀት፣ ስለ ሰገራ፣ ስለ ጋዝ፣ በቀን ስንቴ ሽንት ቤት እንደሚሄዱ። ከገዛ አባቴ ጋር እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለነዚህ ነገሮች አንድም ቀን አውርቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው መክሊት ጻፊው ስላለችኝ ነው። ደግሞም እሳቸው ራሳቸው በመጨረሻ ለአላፊ አግዳሚው ሲናገሩት የነበረ ነገር ስለሆነ የማወጣው ምስጢር የለም።

እኔ ዳላስ ያለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እላለሁ፤ በሽተኛው በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እላለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ጋሽ ደምሴን ያወቅኳቸው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሰባው ተጠግቶ ነበር። ከኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቤድፎርድ ውስጥ ከአንድ ልጃቸው ከመክሊት ጋር የሚኖሩ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ለመንገድና ለአየር ፀባይ ይበቃል፤ ለበሽታ ግን አይሆንም ብለው አስተርጓሚ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ረጅም ናቸው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ትንሽ ወደፊት ጎንበስ ይላሉ፣ የመኪና ቁልፋቸው ከቀኝ እጃቸው አይለይም። ከበድ ያለ ወሬ ሊጀመር ሲል «ቀበቶ እንሰር» ይላሉ።

ያን ቀን ከበድ ያለው ወሬ ካንሰር ነበር። ትልቁ አንጀታቸው መጨረሻ ላይ፣ ከፊንጢጣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ዕጢ ተገኝቷል። ሐኪሙ ሕክምናውን በተራ በተራ ነገራቸው። መጀመሪያ ጨረርና ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና። ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፣ ጤነኛው አንጀት ወደ ታች ተስቦ ይሰፋል። ስፌቱ እስኪድን ለጥቂት ወራት ሰገራው ሆዳቸው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወጣል፤ በመጨረሻ ከረጢቱ ይነሳና በተለመደው መንገድ ይወጣል። እያንዳንዷን ቃል ተረጎምኩ። ጋሽ ደምሴ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«መንዳት እችላለሁ?»

«ይችላሉ» አለ ሐኪሙ።

«እንግዲያው ጥሩ ነው።»

ከሐኪሙ ጋር ሊንዳ የምትባል የምርምር ነርስ ነበረች፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ትልቅ መነጽር የምታደርግ የቴክሳስ ሴት። ምርምሩ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ አንጀታቸው እንዴት እንደሚሠራላቸው የሚከታተል ነው። ካንሰሩ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል የሚለው ደግሞ ሌላ። ሊንዳ በየጥቂት ወሩ በስልክ ትጠይቃለች፣ የተቸገረ ሰው ስታገኝ ደግሞ ወደሚረዱት ባለሙያዎች ትልካለች።

«ለሌላ ሰው ይጠቅማል?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ከእርስዎ በኋላ ለሚታከሙት በጣም ይጠቅማል» አለች ሊንዳ በእኔ አፍ። ፈረሙ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ፣ ካንሰሩም ተጠርጎ ወጣ። ሐምሌ ላይ ከረጢቱ ተነሳ፣ በወሩ የመጀመሪያው ስልክ ተደወለ። እኔና ሊንዳ ጠረጴዛዋ ጋ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስልኩን መሐላችን አደረግነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። የሊንዳ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጋዝ መቆጣጠር የሚያቅትዎ ጊዜ አለ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ሰገራ ሳያስቡት ያመልጥዎታል?» ነው። ይህን እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ገና ሄሎ ስል «እንደምን አደርሽ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለው ነው የተቀበሉኝ። በእንግሊዝኛ የማያሳፍረኝ ነገር በአማርኛ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ «ጋሽ ደምሴ፣ ያው ሆድዎ አካባቢ እንዴት አድርጎዎታል?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«የሚያስቸግርዎ ነገርስ?»

«ኧረ ተመስገን፣ ምን ጎድሎኝ!»

ወደ ሊንዳ ዞሬ «ችግር የለም» አልኩ። ሊንዳ ዜሮ ጻፈች። የቀሩትንም ጥያቄዎች እንዲህ አድርገን ጨረስናቸው። ጋሽ ደምሴ የሊንዳን እንግሊዝኛ ሳይረዱት የቀሩ አይመስለኝም፤ ግን አለመስማት ለሁለታችንም ይመቸን ነበር። እኔ ጥያቄውን አለሰለስኩ፣ እሳቸው መልሱን አለሰለሱ፤ ሊንዳ ወረቀት ላይ አንዳች የማይነካው ጤነኛ ሰው ተመዘገበ።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። በዚያች አጭር ንግግር መሐል ሦስት ጊዜ «አንዴ ቆዪኝ ልጄ፣ በር ተንኳኳ» ብለው ስልኩን አስቀምጠው ሄደዋል።

«ቤትዎ እንግዳ ይበዛል» አልኳቸው።

«ይመጣሉ፣ ይመጣሉ። ሰው አይጠፋም።»

ጥቅምት ላይ በተደወለው ሁለተኛ ስልክ በሩ አራት ጊዜ ተንኳኳ። ሊንዳ ግራ ስትጋባ «ሰው የሚወዳቸው ሽማግሌ ናቸው» ብዬ አስረዳኋት። አትጨምሪ የተባልኩት ሴትዮ ጨመርኩ፣ ያውም ውሸት።

ሦስተኛው ስልክ ጥር ላይ ነበር። እንደተለመደው በሩ ተንኳኳና ጋሽ ደምሴ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩን መክሊት አነሳችው። መክሊት እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት።

«ሄሎ? ማነው?»

«ከሆስፒታል ነው። አባትሽ እንግዳ ሊቀበሉ ሄደው እየጠበቅናቸው ነው።»

«የምን እንግዳ? ማንም አልመጣም እኮ። አባዬ ባስሩም ነው፣ ሽንት ቤት። ሁልጊዜ ባስሩም ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኦኬ፣ ልንገርሽ? የትም አይሄድም። ቸርች በር ጋ ይቆምና ቶሎ ይወጣ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ስቶፕ አደረገ። ግራጁዌሽኔ ግንቦት ነው፣ አልመጣም አለኝ። ጉልበቴን ያመኛል አለ። ጉልበቱ ፋይን ነው! ሶ ለምንድነው የማይመጣው? ያፍርብኛል እንዴ? ማለቴ፣ እማዬ የለችም። እሱ ካልመጣ ማን ይመጣልኛል?»

ወዲያው ጋሽ ደምሴ ተመለሱ። «ይቅርታ ልጄ፣ ጎረቤት ነው» አሉ።

ስልኩ ሲዘጋ ለሊንዳ ሁሉንም ነገርኳት። መክሊት ያለችውን፣ የእኔን ማለሳለስ፣ የበሩን ነገር። ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። ሊንዳ ግን መነጽሯን አውልቃ በዜሮ የተሞሉትን ወረቀቶች ተመለከተች።

«እና እኔ እስከ ዛሬ ስመዘግብ የኖርኩት ሰላምታ ነው?» አለች።

«እንደዚያ ነው።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ለምርመራ ይመጣሉ። ፊት ለፊት እንጠይቃቸዋለን። አንቺም እንዳለ ተርጉሚ።»

መክሊት አምጥታቸው ውጭ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ጋሽ ደምሴ ገብተው በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ምን ልታመጪብኝ ነው?»

«ጥፋት አጥፍቻለሁ። እስካሁን የሊንዳን ጥያቄ በትክክል አልጠየቅኩዎትም። አሁን እጠይቅዎታለሁ፣ አይቀየሙኝ።» ከዚያ ቃሉን እንዳለ አወጣሁት።

ጋሽ ደምሴ ወደ በሩ አዩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለራሳቸውም የተሰማ አይመስልም።

«ስንት ዓመት ነዱ?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።»

«መንገደኛ የተሳሳተ ቦታ አድርሰው ያውቃሉ?»

ተቆጡ። «እኔ? አንድም ቀን! ጂፒኤስ ሳይኖር እንኳ!»

«ሊንዳን ግን የተሳሳተ ቦታ አድርሰናታል፣ እኔና እርስዎ። ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብለው ነው የፈረሙት። ይህን ወረቀት ያየ ሐኪም ነገ ለሌላው በሽተኛ ‹ምንም አትሆንም› ብሎ ይነግረዋል። ያ ሰውዬ ቤቱ ሲገባ በእሱ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል።»

ቁልፉን በጣታቸው አሽከረከሩ። እኔም የተባባልነውን ለሊንዳ ተረጎምኩላት። እሷ ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠችና በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ጠየቀች።

«ልጅዎ ዴንተን ነው የምትማረው። ከቤትዎ ተነስተው እስከ ዴንተን ቢነዱ የት የት ይቆማሉ?»

ይህን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። ግራ እጃቸው የሌለ የመኪና መስታወት የሚያስተካክል ይመስል ከፍ አለ።

«ከቤት ሳልወጣ ሁለቴ እገባለሁ። ከዚያ ግሬፕቫይን ትልቁ ግሮሰሪ ጋ ፓርክ አደርጋለሁ፤ ሽንት ቤቱ ከበሩ በስተቀኝ ነው፣ ንጹሕ ነው። ሉዊስቪል ነዳጅ ማደያ አለ፤ እሱ ግን ቁልፍ ተለምኖ ነው፣ እስኪሰጡሽ ሆድ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሱ በፊት ያለው በርገር ቤት ይሻላል። ከበርገር ቤቱ ወጥቼ መኪና ሳላስነሳ ደግሞ የምመለስበት ቀን አለ። ከዚያ የሐይቁ ድልድይ ይመጣል።» እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ድልድዩን ነው የምፈራው ልጄ። ትራፊክ ከያዘሽ መውጫ የለውም። ባለፈው ጥቅምት መክሊትን ትምህርት ቤቷ ልያት ብዬ ሄጄ፣ እዚያ ላይ አመለጠኝ። ከመኪናው ሳልወርድ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ጓደኞቿ ፊት፣ በዚያ ጋውኗ ቆማ፣ አባቷን እንደዚያ ሆኖ ብታየውስ?»

ሁሉንም ተረጎምኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የሊንዳ እስክሪብቶ አልቆመም።

ሐኪሙ መጥቶ ሲያስረዳቸው በጣም ቀላል ነገር ነበር። የወጣው የአንጀት ክፍል ሰገራ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። አሁን የተሰፋው አንጀት የሚያሳልፍ እንጂ የሚያጠራቅም አይደለም፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት፣ ደጋግሞና በጥድፊያ ይመጣል። ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል። መላም አለው። ጋሽ ደምሴ «ብዙ ሰው?» ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከካንሰሩ መውጣት ይልቅ ይህ ያስደሰታቸው መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተጀመረ። በውሃ የሚበጠበጥ የፋይበር ዱቄት ታዘዘላቸው፣ አንጀትን ዝግ የሚያደርግ ክኒን ተሰጣቸው። የታችኛውን ጡንቻ እንዴት እንደሚያጠብቁ የምታሳይ ቴራፒስት ጋ በየሳምንቱ ሄዱ፤ «አሠልጣኜ» ነው የሚሏት። ጠዋት ጠዋት አንጀታቸውን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ተማሩ። የሚበሉትን አንድ በአንድ እየሞከሩ ለሊንዳ ሪፖርት ያደርጋሉ። ሽሮን ከስሰው ነበር፤ በኋላ ንጹሕ ሆና ስትገኝ ይቅርታ ጠየቋት። ጥፋተኛው ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጡት ቡና ሆኖ ተገኘ።

ሊንዳ ስትደውል የታዘዘውን ጥያቄ ከጨረሰች በኋላ «ዴንተን?» ትላለች፤ እስከዚያ ስንት ቦታ ይቆማሉ ማለቷ ነው። እሳቸው ራሳቸው በእንግሊዝኛ «ፎር» ይላሉ። በሌላው ስልክ «ስሪ»። ሚያዝያ ላይ እሳቸው ደወሉ። «ግሬፕቫይንን ዝም ብዬ አለፍኩት!» አሉኝ፤ ኤርፖርት ሲነዱ አንድም ቀን እንዲህ የተደሰቱ አይመስለኝም። በዚያ ሁሉ ስልክ መሐል በር የተንኳኳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በእርግጥ ጎረቤት ነበር፣ ድምፁን ሰምቻለሁ።

ኋላማ ማን ያስቆማቸው። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ወንዶቹን አንድ በአንድ ይይዟቸዋል። «አንተ፣ አርባ አምስት አልፎሃል፤ አንጀትህን ታየህ?» ሰውየው አፍሮ ሲያቀረቅር «ምን ታፍራለህ? እኔን ያላየኝ ማነው? ከፊትም ከኋላም ታይቼ ይኸው ቆሜያለሁ» ይላሉ። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ካለ ደግሞ ከመኪናቸው ያረጀ የወረቀት ካርታ ያወጣሉ፤ ታክሲ ሲጀምሩ የገዙት ነው። ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ፣ ወደ ላይም እስከ ዴንተን፣ ንጹሕ ሽንት ቤት ያለበት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ተደርጎበታል። ልቅሶ ቤት ቤድፎርድ ስሄድ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ በጊዜ ታይቶ ትንሽ ነገር እንደወጣለት ነገረኝ። «ደምሴ ባይጨቀጭቀኝ አልሄድም ነበር» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከኛ ማዶ ያሉት ሁለት ሰዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ግን ጋሽ ደምሴን ሳስብ የሚመጣብኝ ያ ግንቦት ነው። መክሊት እኔንም ጠራችኝ። ከበሽተኛ ግብዣ መቀበል እንደማይፈቀድልኝ ለአባቷ ስነግራቸው «ግብዣ ማን አለ? ድንገት አስተርጓሚ ቢያስፈልገኝስ?» አሉ። አለቃዬን አስፈቅጄ ሄድኩ።

ዴንተን አዳራሹ በር ላይ አገኘኋቸው። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፣ አበባ ይዘዋል።

«ስንት ቆሙ?» አልኳቸው።

«አንድ። እሱም አበባ ልገዛ ነው።»

«ድልድዩስ?»

«ትራፊክ ነበረው» አሉና ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሬዲዮ ሰማሁ።»

መክሊት አስቀድማ ገብታ፣ ከረድፉ ጫፍ፣ ከመውጫው በር አጠገብ ሁለት ወንበር ይዛልናለች፤ ስካርፏን ጣል አድርጋበታለች። ጋሽ ደምሴ ስካርፉን አነሱና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ኤክስኪዩዝ ሚ» እያሉ በሰው ጉልበት መሐል አልፈው ረድፉ መሐል ድረስ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። በግራ በኩል አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ፣ በቀኝ የባሰ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጫፉ አይሻልም?»

«ከዚህ ፊት ለፊት ይታያል።»

ንግግሩ ረዘመ። ከዚያ ስም መጠራት ተጀመረ፣ የስሙ ብዛት ማለቂያ የለውም። እኔ መድረኩን ትቼ እሳቸውን ነው የማየው። ሲተነፍሱ እተነፍሳለሁ፣ ሲንቀሳቀሱ እደነግጣለሁ። እሳቸው ወንበሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ባዶውን። ቁልፉ ከእጃቸው ወጥቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

መክሊት የቆመችበት ሰልፍ ወደ መድረኩ ሲጠጋ ድንገት ብድግ አሉ።

ቦርሳዬን ከመሬት አነሳሁ፣ እንዲያልፉ ጉልበቴን ሰበሰብኩ። አጠገቤ የነበረችው አሜሪካዊት እኔን አይታ ጉልበቷን ሰበሰበች፣ ከሷ ቀጥሎ ያለውም ሰበሰበ፤ እስከ ረድፉ ጫፍ ድረስ መንገዱ ተከፈተ። ጋሽ ደምሴ ግራ ተጋብተው ሁላችንንም ቁልቁል አዩን።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ። «ልጄን ላያት ነው እኮ የቆምኩት!»

የመክሊት ስም ተጠራ። በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ!» ብለው አዳራሹን አናወጡት። እሷም ወደ መውጫው በር አጠገብ፣ ወደ ባዶዎቹ ሁለት ወንበሮች አየች፤ ከዚያ ድምፁን ተከትላ ፈለገችና መሐል ላይ አገኘቻቸው። ከመድረኩ እስክትወርድ ቆመው አዩዋት፣ ከዚያ ተመልሰው ቁጭ አሉ።